‹‹መጤ›› በምን ይለካል? በጅማና በቡና ከተሞቿ የማኅበራዊ ርቀት ጥያቄ

ጅማ ላይ ‹‹እዚህ አገር ከሌላ ቦታ ለመጣ ሰው ጥላቻ አለ ወይ?›› ብሎ የጠየቀ ሰው ሁለት ዓይነት መልስ ያገኛል፡፡ አንደኛው ‹‹ጅማ የሁሉም አገር ናት፤ ከአባ ጅፋር ጀምሮ እንግዳ ተቀባይ ናት›› የሚል ነው፡፡ ሁለተኛው ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚነገር ሲሆን ‹‹እሱ ድሮ ቀረ›› ይላል፡፡ የመጀመሪያው በስብሰባ አዳራሽ፣ ሁለተኛው ከስብሰባው በኋላ ቡና ላይ ይሰማል፡፡ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም የሚናገረው ያው አንድ ሰው ነው፡፡

ለዓመታት በቤት ለቤት ጥናቶች ላይ፣ መጀመሪያ በጠያቂነት በኋላም በመጠይቅ ተርጓሚነት ስሠራ ቆይቻለሁ፡፡ ይህ ጽሑፍ የጅማን ሕዝብ መጥፎ ወይም ደግ ነው ብሎ ለመፍረድ የተጻፈ አይደለም፡፡ የአንድ አካባቢ ሕዝብ ከውጭ ለመጡ ሰዎች ያለው አመለካከት በምን መሣሪያ እንደሚለካ፣ መሣሪያዎቹ ከየት እንደመጡና ወደ አጋሮ፣ ወደ ሊሙ ገነት፣ ወደ ጌራ ወይም ወደ ቦንጋ ሲወሰዱ ምን እንደሚገጥማቸው ለማስረዳት ነው፡፡ ጉዳዩ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ የሚያስታውሱ ዓመታት አሉን፡፡ በ2004 ዓ.ም. በቀድሞው ቤንች ማጂ ዞን ከጉራፈርዳ ወረዳ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰፋሪዎች ተባረዋል፤ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደግሞ በዚያው ወረዳ በሰፋሪዎች ላይ ግድያ ተፈጽሟል፡፡ በ2010 ዓ.ም. በሌላኛው የቡና ምድራችን፣ በጌዴኦና በጉጂ፣ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተፈናቅሏል፡፡ ከእነዚህ ሁሉ በፊት በየአካባቢው ‹‹እዚህማ ሰላም ነው፣ ሁሉም ተፋቅሮ ይኖራል›› ይባል እንደነበር ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም፡፡

መጤ ማነው?

በአውሮፓና በአሜሪካ ጥናቶች መልሱ ቀላል ነው፡፡ መጤ ማለት የአገር ድንበር ተሻግሮ የመጣ ሰው ነው፤ ፓስፖርቱ ይለየዋል፡፡ በጅማ ግን የሚሻገረው ድንበር የዞን፣ የክልል ወይም የወንዝ ድንበር ነው፡፡ ኦሞን ወይም ጎጀብን ተሻግሮ የመጣው ዳውሮ፣ ጊቤን ተሻግሮ የመጣው ጉራጌ ወይም አማራ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 መሠረት በመረጠው ቦታ የመኖር መብት ያለው ዜጋ ነው፡፡ በአካባቢው አነጋገር ግን መጤ ሊባል ይችላል፡፡

የሕዝብ ቆጠራ ሠራተኛ ‹‹የት ተወለዱ? እዚህ ስንት ዓመት ኖሩ?›› ብሎ ይጠይቅና ፍልሰተኛውን ከነባሩ ይለያል፡፡ ይህ ለስታቲስቲክስ ጥሩ ነው፤ ለእኛ ጉዳይ ግን አይበቃም፡፡ አያቱ ከወሎ የመጡበት፣ እሱ ግን አጋሮ ተወልዶ፣ አጋሮ ተምሮ፣ አፋን ኦሮሞ አቀላጥፎ የሚናገር ሰው በቆጠራው ነባር ሲሆን በጎረቤቱ ዘንድ መጤ ሊሆን ይችላል፡፡ በተቃራኒው ደግሞ ከሐረርጌ የዛሬ ሃያ ዓመት የመጣ ኦሮሞ በቆጠራው ፍልሰተኛ ነው፤ በቋንቋና በሃይማኖት ግን ከአካባቢው ጋር አንድ በመሆኑ መጤ የሚለው ቃል ላያርፍበት ይችላል፡፡ ወይም ሊያርፍበት ይችላል! መሬት የተሰጠው ከሰው መሬት ላይ ተቆርሶ ከሆነ የቋንቋ አንድነት ብዙ አያድንም፡፡ ስለዚህ ማንኛውም መለኪያ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ‹‹ለእርስዎ መጤ የሚባለው ማነው? ስንት ዓመት ሲኖር መጤነቱ ይቀራል?›› የሚለውን ነው፡፡ የዚህ ጥያቄ መልስ ራሱ አንድ መለኪያ ነው፤ ‹‹አሥር ዓመት›› የሚል ሰውና ‹‹መቼም አይቀርም›› የሚል ሰው አንድ አይደሉም፡፡

የመጡበት ታሪክም አንድ ዓይነት አይደለም፡፡ ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር የጀበርቲ ነጋዴዎችን በቤተ መንግሥታቸው ዙሪያ ያሰፍሩ ነበር፤ የሂርማታ ገበያም ከሩቅ ሳይቀር ነጋዴ የሚስብ ነበር፡፡ ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ገብቶ ጅማን የጋላና ሲዳሞ ብሎ ለሰየመው ግዛት ዋና ከተማ ሲያደርጋት ከተማዋ በአዲስ መልክ ተቆረቆረች፡፡ የመናውያንና ግሪኮች ነገዱባት፤ ፈረንጅ አራዳ የሚለው የሰፈር ስምም የዚያ ዘመን ትዝታ ነው፡፡ ከዚያ ወዲህ የመንግሥት ሠራተኛው፣ ወታደሩ፣ መምህሩ መጣ፡፡ ደርግ በ1977 እና 78 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600 ሺሕ የሚጠጋ ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲያሰፍር ከፊሉ የደረሰው በከፋና በኢሉባቦር ነው፡፡ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው ሁለተኛው ሠፈራ ደግሞ ሕዝቡ ከክልሉ እንዳይወጣ ተብሎ ከሐረርጌ ወደ ጨዋቃ፣ ከከምባታ ወደ ከፋ ዴቻ ተወሰደ፡፡ በዚህ ሁሉ ላይ በየዓመቱ የሚመጣው ቡና ለቃሚ አለ፡፡ በሊሙ ቡና እርሻዎች፣ በጎማ፣ በሱንቱ፣ በኮሳና በጉመር ካምፖች አድሮ፣ በለቀመው ቀይ ቡና ኪሎ ተከፍሎት፣ ለቀማው ሲያልቅ የሚመለስ ሰው ነው፡፡ ከፊሉ ግን አይመለስም፡፡

የቦጋርደስ መሰላል

የማኅበራዊ ርቀት መለኪያ አባት አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ኤሞሪ ቦጋርደስ ነው፡፡ በ1925 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ሰባት ደረጃ ያለው መሰላል አቀረበ፡፡ መላሹ ስለ አንድ ሕዝብ ይጠየቃል፤ ከዚህ ሕዝብ የሆነን ሰው በጋብቻ ዘመድነት ይቀበላሉ? በማኅበርዎ ውስጥ በጓደኝነት? በመንገድዎ ላይ በጎረቤትነት? በሥራ ባልደረባነት? በዜግነት? ወይስ ጎብኝቶ እንዲመለስ ብቻ? ወይስ ጭራሽ አገርዎ እንዳይገባ? ቦጋርደስ መላሹ የሚያውቀውን ምርጥ ወይም መጥፎ ሰው እያሰበ እንዳይመልስ፣ ሳያመነታ መጀመሪያ የመጣለትን ስሜት እንዲናገር ያሳስብ ነበር፡፡ በዚህ መሣሪያ በ1926፣ በ1946፣ በ1956 እና በ1966 እ.ኤ.አ. እየደጋገመ ለካ፡፡ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው፤ አንድ ጊዜ የተለካ ነገር ፎቶግራፍ ነው፣ በተመሳሳይ ጥያቄ አርባ ዓመት የተለካ ግን ታሪክ ይሆናል፡፡

መሰላሉ የቆመው በአንድ ግምት ላይ ነው፡፡ ላይኛውን ደረጃ የተቀበለ ሰው የታችኞቹን ሁሉ ይቀበላል፡፡ ልጁን የሚድር ሰው ጎረቤት መሆንን አይከለክልም ማለት ነው፡፡ ልዊስ ጉትማን በኋላ ባዘጋጀው ሒሳብ የመላሾች መልስ ከመሰላሉ ቅደም ተከተል ጋር ቢያንስ 90 በመቶ ካልተስማማ መሰላሉ አይሠራም፡፡

በጅማ ይህ ግምት በሁለት ቦታ ይሰበራል ብዬ አምናለሁ፡፡ አንደኛው ጋብቻ ላይ ነው፡፡ በከተማዋ በ1999ኙ ቆጠራ 120,960 ሰው ሲቆጠር ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ፕሮቴስታንቱም ብዙ ነበር፡፡ ሙስሊሙ አባት ልጁን ለክርስቲያን የዚያው መንደር ልጅ አይድርም፤ ከወሎ ለመጣ ሙስሊም ግን ሊድር ይችላል፡፡ ክርስቲያኑም እንዲሁ፡፡ ‹‹አልድርም›› የሚለው መልስ የሃይማኖት ሕግ ነው ወይስ የመጤ ጥላቻ? መጠይቁ ካልለየው ቁጥሩ ሁለቱን ቀላቅሎ ይደምራቸዋል፡፡ መፍትሔው ሃይማኖቱን ለይቶ መጠየቅ ነው፤ ‹‹ሃይማኖቱ ከእርስዎ ጋር አንድ የሆነ፣ ከሌላ ዞን የመጣ ሰው›› ማለት፡፡

ሁለተኛው መሬት ነው፡፡ አሜሪካዊው ቦጋርደስ መሬትን በመሰላሉ ላይ አላስቀመጠም፤ የከተማ ሰው መለኪያ ነውና፡፡ በቡና አገር ግን አንድ ሰው ከመጤው ጋር ቡና ይጠጣል፣ በእድር አብሮ ይቀብራል፣ ክርስትና ይነሣል፤ የቡና ጫካው ድንበር ሲነካ ግን ያ ሁሉ ይቀራል፡፡ ስለዚህ የጅማ መሰላል ከጋብቻ በላይ አንድ ደረጃ ያስፈልገዋል ባይ ነኝ፡፡ ‹‹ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው በቀበሌዎ በስሙ የቡና መሬት ቢይዝ ይስማማሉ?››

የቀሩትን ደረጃዎች እንደሚከተለው ብናገራቸው ጅማ ላይ ይገባሉ፡፡ ማኅበር በእድር ይተካል፡፡ ጎረቤትነት በአንድ ግቢ ውስጥ ቤት ማከራየት ይሆናል፤ በጅማም ሆነ በአጋሮ ኪራይ ማለት ብዙውን ጊዜ በባለቤቱ ግቢ መኖር ነውና ከመንገድ ጎረቤትነት ይጠብቃል፡፡ ዜግነት በቀበሌ መታወቂያ ይተካል፡፡ ‹‹ጎብኝቶ ይመለስ›› የሚለው ‹‹ለለቀማ መጥቶ ሲያልቅ ይመለስ›› ይሆናል፡፡ ይህ የመጨረሻው ደረጃ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም፡፡ የለቃሚውን ጉልበት እየፈለገ ኑሮውን የማይፈልግ ሰው ስንት እንደሆነ የሚነግረን እሱ ብቻ ነው፡፡

እዚህ ላይ ከመጤነት ጋር የማይምታታ አንድ ነገር መለየት አለበት፡፡ በከፋ የማንጆ ሰዎች፣ በዳውሮና በየአካባቢው ደግሞ ሸክላ ሠሪዎች፣ ቆዳ ፋቂዎችና አንጥረኞች አብሮ ከመብላት፣ ከጋብቻና አንዳንዴም ቤት ከመግባት ሲገለሉ ኖረዋል፡፡ ዴና ፍሪማንና አሉላ ፓንክረስት በ2001 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኩል ባሳተሙት የጥናት ስብስብ ጉዳዩ በሰፊው ተዘግቧል፡፡ እነዚህ ሰዎች መጤ አይደሉም፤ ከማንም በፊት በቦታው የነበሩ ናቸው የሚባሉም አሉባቸው፡፡ በመሰላሉ ላይ ግን ከማንኛውም መጤ በታች ሊወድቁ ይችላሉ፡፡ ይህም ርቀትን የለካ መሣሪያ የርቀቱን ምክንያት አብሮ እንዳልለካ ያሳያል፡፡

ይሉኝታ

በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሪቻርድ ላፒየር የተባለ አሜሪካዊ ምሁር ከቻይናውያን ባልና ሚስት ጋር አሜሪካን በመኪና ዞረ፡፡ በ251 ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ሲስተናገዱ አንድ ቦታ ብቻ ተከለከሉ፡፡ ከዚያ ላፒየር ለእነዚያው ቤቶች ‹‹ቻይናዊ ደንበኛ ትቀበላላችሁ?›› ብሎ ደብዳቤ ጻፈ፡፡ ከመለሱት 128 ቤቶች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ‹‹አንቀበልም›› አሉ፡፡ ውጤቱ በ1934 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ ቃልና ተግባር የተለያዩ መሆናቸውን ለማሳየት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፡፡

የእኛ ችግር የላፒየር ግልባጭ ነው፡፡ ቃሉ ‹‹እንቀበላለን›› ነው፤ የተለየ የሚሆነው ተግባሩ ነው፡፡ የስነ ልቦና ምሁራን መላሹ ጥሩ ሰው ለመምሰል የሚሰጠውን መልስ ለመግለጽ ረጅም ቃል ይጠቀማሉ፡፡ እኛ ይሉኝታ እንለዋለን፤ ቃሉም ከእነሱ ይበልጣል፡፡ ጠያቂው ማን እንደሆነ መላሹ ገና በር ላይ ያውቃል፡፡ ስሙን ይጠይቃል፣ አነጋገሩን ያዳምጣል፣ አንገቱ ላይ ማዕተብ መኖሩን ያያል፡፡ ‹‹የማን ልጅ ነህ? አገርህ የት ነው?›› የሚለው የትሕትና ጥያቄ ቀድሞ የሚጠየቀው በእሱ ነው፡፡ ከዚያ በኋላ አማርኛ ለሚናገር ጠያቂ የሚሰጠውና አፋን ኦሮሞ ለሚናገር የሚሰጠው መልስ ቢለያይ ሊያስገርም አይገባም፡፡ ይህን ማጥፋት አይቻልም፤ መለካት ግን ይቻላል፡፡ ጠያቂዎቹን በዕጣ ለመንደሮቹ መመደብ፣ በመጨረሻም መልሱን በጠያቂ ለይቶ ማየት ነው፡፡ ልዩነቱ ትልቅ ከሆነ ራሱ ውጤት ነው፡፡

ቃላቱም እንዲሁ ናቸው፡፡ ‹‹ስለ መጤዎች ምን ይሰማዎታል?›› ብሎ የሚጠይቅ መጠይቅ ገና ከመነሻው ፈርዷል፡፡ በአፋን ኦሮሞ ‹ኬሱማ› ካልን እንግዳ ማለት ስለሆነ ሁሉም ሰው ደግ ይሆናል፤ ‹አላጋ› ካልን ባዕድ፣ ዘመድ ያልሆነ ማለት ነውና ሁሉም ይጠነቀቃል፡፡ በትርጉም ሥራ ላይ ሳለሁ ብዙ ሰዓት የበላው ይህ ነበር፡፡ የሚሻለው ስም ሳይሰጡ መግለጽ ነው፤ ‹‹ከሌላ ዞን መጥቶ እዚህ የሚኖር ሰው›› ማለት፡፡ ከዚያ መላሹ ራሱ በምን ስም እንደሚጠራቸው ጆሮ ሰጥቶ መመዝገብ ነው፡፡ የየም ሕዝብ በመንግሥት መዝገብ ሳይቀር ይጠራበት የነበረ፣ ስድብ የሆነ ስም ነበረው፤ ዳውሮዎችም በሌላ ስም ይጠሩ ነበር፡፡ አሮጌውን ስም ማን፣ በየትኛው አጋጣሚ እንደሚጠቀም መቁጠር ምንም የማያስወጣ መለኪያ ነው፡፡

ይሉኝታን ለማለፍ የተፈለሰፈ አንድ ብልሃት አለ፤ የዝርዝር ሙከራ ይባላል፡፡ በ1997 እ.ኤ.አ. ጄምስ ኩክሊንስኪና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ደቡብ ነጮች ለጥቁሮች ያላቸውን አመለካከት በዚህ ለክተውበታል፡፡ አሠራሩ ቀላል ነው፡፡ መላሾች በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ፡፡ ለመጀመሪያው ግማሽ ሦስት ነገሮች ይነበቡለታል፤ የቡና ዋጋ መውደቅ፣ የመብራት መጥፋት፣ ዝናብ በወቅቱ መዝነብ፡፡ ‹‹ከእነዚህ ስንቶቹ ያናድዱዎታል? የትኞቹ እንደሆኑ አይንገሩኝ፣ ቁጥሩን ብቻ›› ይባላል፡፡ ለሁለተኛው ግማሽ አራተኛ ይጨመራል፤ ከሌላ ዞን የመጣ ሰው በቀበሌው የቡና መሬት መያዙ፡፡ የመጀመሪያው ቡድን አማካይ 1.9፣ የሁለተኛው 2.3 ቢሆን እንበል፤ ልዩነቱ 0.4 ነውና 40 በመቶው በአራተኛው ይናደዳል ማለት ነው፡፡ ማንም ሰው ግን በአንደበቱ አልተናገረም፡፡ የዝናቡ ነገር ለቀልድ የገባ እንዳይመስላችሁ፡፡ ሁሉም ነገር የሚያናድድ ከሆነ አራት ያለው ሰው ምስጢሩ ታወቀ ማለት ነውና አንድ የማያናድድ ነገር መኖር አለበት፡፡

ዋጋው ውድ ነው፡፡ በቀጥታ ጥያቄ 1,000 ሰው ብንጠይቅ ስሕተቱ ወደ 3 በመቶ ገደማ ነው፡፡ በዝርዝር ሙከራ ግን እያንዳንዱ ቡድን 500 ሆኖ ስሕተቱ ወደ 10 በመቶ ይደርሳል፡፡ ስለዚህ 40 በመቶ የምንለው 30ም 50ም ሊሆን ይችላል፡፡

ሌላው መንገድ ቃልን ትቶ ተግባርን ማየት ነው፡፡ ማሪያን በርትራንድና ሰንድሂል ሙላይናታን በ2004 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በቦስተንና በቺካጎ ወደ 5,000 የሚጠጉ የሥራ ማመልከቻዎችን ላኩ፡፡ ማመልከቻዎቹ የተለያዩት በስም ብቻ ነው፤ የነጭ ስም የያዙት 50 በመቶ ያህል ብልጫ ያለው ጥሪ አገኙ፡፡ ጅማ ላይ ሥራ በማመልከቻ ሳይሆን በሰው ስለሚገኝ ይህ አይሆንም፡፡ ቤት ኪራይ ግን ይሆናል፡፡ አከራይ ‹‹መጤ አላከራይም›› አይልም፡፡ ‹‹ዋስ አለህ?›› ይላል፣ ወይም ‹‹ትናንት ተይዟል››፣ ወይም ዋጋውን ከፍ ያደርጋል፡፡ ሁለት ጨዋ ወጣቶችን፣ አንዱን በአካባቢው አነጋገር፣ ሌላውን በውጭ አነጋገር ለተመሳሳይ ክፍል ልኮ ዋስ ከማን እንደተጠየቀ መመዝገብ ይቻላል፡፡ በእድር በኩልም የተጻፈ ደንብ አለ፤ አዲስ አባል ስንት የመግቢያ እንደሚከፍልና ስንት አባል እንደሚመሰክርለት ማንበብ በቂ ነው፡፡ ስለ ኮምፒዩተሩ ፈተና፣ በ1998 እ.ኤ.አ. ስለወጣውና የጣትን ፍጥነት ስለሚለካው ብዙ አልልም፡፡ አንድን ሰው ዛሬና በወሩ ሲለካ የተለያየ ውጤት ስለሚሰጥ በባለሙያዎቹ መካከልም ብዙ ያከራክራል፤ ጌራ ላይ ደግሞ መብራት ይፈልጋል፡፡

ሁለት ዓይነት መጤ

የውጭ መለኪያዎችን ስናመጣ አብሮ የሚመጣ አንድ ያልተነገረ ግምት አለ፤ መጤው ደካማ፣ ነባሩ ብርቱ ነው የሚል፡፡ ቶማስ ፔቲግሩና ሮል ሜርተንስ በ1995 እ.ኤ.አ. በምዕራብ አውሮፓ ግልጹን ከስውሩ ጥላቻ ለይተው የለኩበት መሣሪያ ለቱርኩ፣ ለአልጄሪያዊውና ለእስያዊው ሠራተኛ የተሰፋ ነው፡፡ በጅማ ግን ለረጅም ዘመን ከውጭ የመጣው ሰው ዳኛውም፣ ግብር ሰብሳቢውም፣ የቢሮው ቋንቋ ባለቤትም ነበር፡፡ አባ ጅፋር ለምኒልክ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠብቀው ቢቆዩም፣ እሳቸው ከሞቱ በኋላ አስተዳደሩ በቀጥታ የማዕከሉ ሆነ፡፡ ከዚያ ዘመን የቀረ ቂም ከቢሮክራቱ፣ ከመሬት ባለቤቱና ከሹሙ ልጅ ጋር የተያያዘ ነው፡፡ ለቃሚው ደግሞ ሥልጣንም መሬትም ያላየ፣ ነባሩ ሰው እንደ ዝቅተኛ የሚያየው መጤ ነው፡፡ ለአንዱ የሚሰማው ቅሬታና ፍርሃት፣ ለሌላው የሚሰማው ንቀት ነው፡፡

ሱዛን ፊስክና ባልደረቦቿ በ2002 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ሐሳብ እዚህ ላይ ይጠቅማል፡፡ ሰው ስለ ሌላ ወገን ሁለት ነገር ይመዝናል ይላሉ፤ ‹‹ለእኔ በጎ ያስባል ወይ?›› እና ‹‹ያሰበውን ለማድረግ ችሎታ አለው ወይ?›› ችሎታ እንዳለው የሚታመን ግን በጎ አያስብም የሚባል ወገን ይፈራል፣ ይቀናበታል፡፡ በጎ ነው ግን ምንም አይችልም የሚባለው ይታዘንለታል፡፡ ሁለቱም የለውም የሚባለው ይናቃል፡፡ በአንድ መሰላል ላይ ነጋዴውንና ለቃሚውን አስቀምጦ ለሁለቱም ‹‹ርቀት 4›› ብሎ መጻፍ ምንም አልተናገረም ማለት ነው፤ አደጋውም አንድ አይደለም፡፡ የተናቀው ደመወዙ ይቀማል፣ የተፈራው ግርግር በተነሣ ቀን ሱቁ ይዘረፋል፡፡ ለእያንዳንዱ ዓይነት ሁለት ሁለት ጥያቄ መጨመር ወጪው አነስተኛ ነው፡፡

በዚሁ ምክንያት ነባሩን ብቻ መለካት ግማሽ ሥራ ነው፡፡ የከተማው አማርኛ ተናጋሪ ለገጠሩ ኦሮሞ የነበረውን አመለካከት፣ በቋንቋው ሲሳለቅ የኖረውን ሳይለኩ ነባሩን ብቻ ማስጠየቅ ተከሳሽ እንደ መምረጥ ይቆጠራል፤ መላሹም ይረዳዋል፡፡ ያው መጠይቅ ለሁለቱም ወገን መቅረብ አለበት፡፡

በእጃችን ያሉት ቁጥሮች

ኢትዮጵያ በሁለት ዓለም አቀፍ ጥናቶች ተካታለች፡፡ የዓለም እሴቶች ጥናት በ2007 እና በ2020 እ.ኤ.አ.፣ አፍሮባሮሜትር ደግሞ በ2013 እና በ2020 እ.ኤ.አ. ገደማ ሕዝቡን ጠይቀዋል፡፡ የእሴቶቹ ጥናት ማንን በጎረቤትነት እንደማትፈልጉ ሲጠይቅ ከዝርዝሩ ውስጥ የውጭ አገር ፍልሰተኞችን ያካትታል፡፡ አፍሮባሮሜትርም የኋለኞቹ ዙሮቹ ተመሳሳይ የጎረቤት ጥያቄ አላቸው፤ የሌላ ብሔር ሰውም ይጠየቃል፡፡

ለአገር አቀፍ ንጽጽር ይጠቅማሉ፡፡ ስለ ጅማ ግን ምን ይነግሩናል? አፍሮባሮሜትር በአገር ደረጃ የሚጠይቀው ወደ 2,400 ሰው ነው፡፡ በ1999ኙ ቆጠራ ጅማ ዞን 2,486,155 ሕዝብ ነበረው፤ ከአገሪቱ ወደ 74 ሚሊዮን ሕዝብ 3.4 በመቶ ያህል ነው፡፡ ድርሻው ሲሰላ ወደ 80 ሰው ይሆናል፡፡ በአንድ መንደር ስምንት ሰው ስለሚጠየቅ በአሥር መንደር ገደማ ማለት ነው፡፡ አንዱ መንደር ሠፈራ ጣቢያ ላይ ከወደቀ፣ አንዱ ደግሞ ምንም መጤ የሌለበት ከሆነ ውጤቱ በዕጣው ይገለበጣል፡፡ በዚህ ላይ ‹‹ፍልሰተኛ ወይም የውጭ አገር ሠራተኛ›› ሲባል የጅማ ሰው የሚያስበው ቻይናዊውን የመንገድ ሠራተኛ ወይም ደቡብ ሱዳናዊውን ስደተኛ እንጂ ለቃሚውን አይደለም፡፡

መቼ ይጠየቅ?

በኅዳር የተለካ አመለካከትና በሐምሌ የተለካ አንድ አይሆኑም፡፡ በኅዳር ቡናው ደርሷል፣ ካልተለቀመ ይረግፋል፤ ገበሬው ሰው ፈልጎ እስከ መናኸሪያ ይወጣል፣ ካቦው ይለምናል፡፡ በሐምሌ ጎተራው ባዶ ነው፣ ሥራ የለም፣ ያልተመለሰው ለቃሚ ከተማው ውስጥ ይታያል፡፡ የቡና ዋጋም አለ፡፡ በ2001 እ.ኤ.አ. አካባቢ የዓለም ዋጋ በፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች በወረደበት ጊዜ ብዙ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት ተክሏል፡፡ እንዲህ ባለ ዓመት የለካ ሰው የሚለካው ጥላቻን ይሁን ችግርን በአንድ ዙር ማወቅ አይችልም፤ ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለተከታታይ ዓመታት መጠየቅ ይኖርበታል፡፡

መቀራረብ ጥላቻን ይቀንሳል የሚለውን የጎርደን ኦልፖርትን የ1954 እ.ኤ.አ. ሐሳብም መፈተን የሚቻለው በዚህ መንገድ ነው፡፡ ኦልፖርት መቀራረብ ብቻውን ይበቃል አላለም፤ በእኩልነት፣ ለጋራ ዓላማ፣ በትብብር፣ በሹማምንት ድጋፍ ሲሆን ነው ያለው፡፡ ፔቲግሩና ሊንዳ ትሮፕ በ2006 እ.ኤ.አ. 515 ጥናቶችን ሰብስበው ሐሳቡ በአብዛኛው እንደሚይዝ አሳይተዋል፡፡ በቡና ማሳ ላይ ባለቤቱና ለቃሚው በየቀኑ ይገናኛሉ፤ እኩል ግን አይደሉም፡፡ በእድር ላይ ወር ጠብቀው ይገናኛሉ፤ እዚያ ግን መዋጮውም ድንኳኑም እኩል ነው፡፡ ማሳ ላይ ብቻ የሚገናኙትንና በእድርም የሚገናኙትን ማነጻጸር ለአንድ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ጥሩ የመመረቂያ ርዕስ ነው፡፡ ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን ወደ ማኅበረሰቡ በመላክ የታወቀ ስለሆነ ጠያቂም መንገድም አያጣም፡፡

የቀረው የጥንቃቄ ጉዳይ ነው፡፡ በ2003 ዓ.ም. በአሰንዳቦ አካባቢ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያኖች ተቃጥለው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቅለዋል፤ መነሻው ‹‹ቁርኣን ተቀደደ›› የሚል ወሬ ነበር፡፡ ወሬ ይህን ካደረገ ‹‹የዚህ ቀበሌ ሕዝብ 60 በመቶው መጤ ይጠላል›› የሚል የታተመ ቁጥር ምን ሊያደርግ እንደሚችል መገመት አያዳግትም፡፡ ስለዚህ ውጤት በቀበሌም በወረዳም ስም መውጣት የለበትም፤ የቡና ዞን፣ የከተማ፣ የሠፈራ ጣቢያ ተብሎ በዓይነት ተመድቦ ይውጣ፡፡ የመላሹ ብሔር የሚጠየቀው በመጨረሻ፣ መመለስ ካልፈለገም የሚታለፍ ሆኖ ነው፡፡ የቤቱ ቁጥርና መልሱ በአንድ ወረቀት ላይ መቀመጥ የለባቸውም፡፡ የቀበሌ ሊቀመንበሩ ‹‹እኔም ልቀመጥ›› ካለ ደግሞ ቃለ መጠይቁ ለሌላ ቀን ይተላለፍ፡፡